ጸጥታና ዝምታ፦ የስፔን የወይን አገር ሐዲዶች የብስክሌት መንገድ የሆኑበት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ የታሪክ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። በስፔን የወይን አገር፣ መኪና በማይገባባቸው መንገዶች ላይ በብስክሌት መጓዝ ዛሬ የታወቀ የሽርሽር ዓይነት ነው። ተጓዡ በወይን ቦታዎች መካከል ያልፋል፤ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ረጅም ድልድይ ይሻገራል፤ ከቀድሞ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ አረፍ ብሎ የአካባቢውን የወይን ጠጅ ይቀምሳል። በጆሮው የሚገባው የወፍ ድምፅና የብስክሌቱ ጎማ በጠጠር ላይ የሚያሰማው ሹክሹክታ ነው። የጉዞ መጻሕፍት ይህን ጸጥታ እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ያቀርቡታል። የታሪክ ተማሪ ግን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መንገዱን ማን ሠራው? ለምን ሠራው? በላዩ ይመላለስ የነበረው ሰውና ጭነትስ ወዴት ሄደ?

ለዚህ ጥያቄ ቋንቋችን መልካም መሣሪያ ይሰጠናል። አማርኛ ጸጥታና ዝምታ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ሌሊት ጸጥ ይላል፤ ጫካ ጸጥ ይላል፤ ዝም የሚለው ግን መናገር የሚችል ሰው ነው። ጸጥታ ሁከት የሌለበት ሁኔታ ሲሆን ዝምታ ደግሞ ሊነገር ሲገባው ያልተነገረ ነገር መኖሩን ያመለክታል። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው በስፔን የወይን አገር ብስክሌተኛው የሚያገኘው ጸጥታ ከውስጡ ብዙ ዝምታ ያዘለ መሆኑን ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ስለ ምን ለጥ ያለ ሆነ

ከሚታየው ነገር ልጀምር። እነዚህ መንገዶች በስፓንኛ «ቪያ ቬርዴ» ይባላሉ፤ አረንጓዴ መንገድ ማለት ነው። አንድ ባሕርይ ሁሉንም ያስተባብራቸዋል፤ ተራራማ በሆነ አገር ውስጥ እያለፉ እንኳ ዳገታቸው አይከብድም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ አንድ ባቡር በለጥ ያለ ምድር ብዙ ጭነት በትንሽ ኃይል ይጎትታል፤ ዳገት ሲያጋጥመው ግን ጎማው ሐዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል። በመሆኑም የ19ኛው ምዕት ዓመት መሐንዲሶች የመስመሩ ዳገት አብዛኛውን ጊዜ በመቶ ሜትር ርቀት ከሁለት ሜትር ብዙም እንዳይበልጥ ይጥሩ ነበር። ኮረብታው ሲከፋ ሰንጥቀውት ያልፋሉ፤ ተራራው ሲገዝፍ ዋሻ ይፈለፍላሉ፤ ሸለቆ ሲገጥማቸው ድልድይ ይዘረጋሉ።

የዛሬው ብስክሌተኛ ሳይደክም የሚጓዘው በእነዚያ መሐንዲሶች ስሌትና በብዙ ሺህ ቆፋሪዎች ጉልበት ነው። በባሩድ የተሰበረው ድንጋይ፣ በአካፋ የተዛቀው አፈር፣ በጡብ የተደገፈው የዋሻ ጣሪያ ለእርሱ ምቾት የታሰበ አልነበረም። የታሰበው ለወይን ጠጅ በርሜል፣ ለዘይት፣ ለእህል፣ ለከሰልና ለወታደር ነበር።

የወይን ጠጅና ባቡር

በኢቤሪያ ምድር የመጀመሪያው የባቡር መስመር በ1848 ባርሴሎናን ከማታሮ ጋር አገናኘ። በ1855 የወጣው የባቡር ሐዲድ ሕግ ለውጭ ባለ ገንዘቦች በር ከፈተ፤ በተከተሉት ዓመታት ሐዲዱ በፍጥነት ተስፋፋ። ከዚያ በፊት ከባሕር የራቀ የወይን ጠጅ አምራች ገበያው ጠባብ ነበር። ወይን ጠጁ በፍየል አቁማዳ ተሞልቶ በበቅሎ ይጫናል፤ መንገዱ ይረዝማል፤ ጠጁ ከሙቀትና ከመናወጥ የተነሣ ይበላሻል፤ የማጓጓዣው ዋጋም ከጠጁ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በመልካም ዘመን ምርቱ ተርፎ ገዢ ያጣል፤ በክፉ ዘመን ደግሞ የሚሸጥ አይገኝም።

ሪዮሃ የሚባለው አውራጃ ለዚህ ለውጥ ዋነኛ ምሳሌ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቻርልስ ቪኞልስ የመራው የቱዴላና የቢልባኦ መስመር በ1860ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት በኤብሮ ወንዝ አጠገብ ያለችው የሃሮ ከተማ ከቢልባኦ ወደብ ጋር ተገናኘች። ብዙ ሳይቆይ ከሃሮ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ትልልቅ የወይን ጠጅ መጥመቂያዎች ተተከሉ። ሎፔዝ ደ ኤሬዲያ በ1877፣ የሰሜን ስፔን የወይን ጠጅ ኩባንያ በ1879፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 ተመሠረቱ። ሦስቱም ዛሬ ድረስ በዚያው ሰፈር ናቸው፤ ሰፈሩም «የጣቢያው ሰፈር» ይባላል። መጥመቂያው ወደ ወይኑ ቦታ ሳይሆን ወደ ሐዲዱ መጠጋቱን ልብ በሉ። ወይኑ በጋሪ ወደ ጣቢያው ይመጣል፤ ጠጁም ከበርሜሉ በቀጥታ ወደ ፉርጎው ይገባል።

ይሁን እንጂ ሐዲድ ብቻውን ሪዮሃን አላበለጸጋትም፤ የጎረቤት መከራ ታክሎበታል። ከአሜሪካ ከመጡ የወይን ችግኞች ጋር ወደ አውሮፓ የገባች ፊሎክሴራ የምትባል የክሽክሽ ዘመድ የሆነች እጅግ ትንሽ ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን የወይን ተክል ከሥሩ ማድረቅ ጀመረች። በ1875 ከ80 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር በላይ የነበረው የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ምርት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከ30 ሚሊዮን በታች ወረደ። የቦርዶ ነጋዴዎች ፒሬኔን ተሻግረው ሪዮሃ ገቡ፤ በ1882 የተፈረመው የንግድ ውል ቀረጡን ዝቅ አደረገላቸው። ሐዲዱ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ጠጅ ከኤብሮ ሸለቆ ሊወጣ ባልቻለም ነበር፤ ተባይዋ ባትኖር ኖሮ ደግሞ ሐዲዱ ያን ያህል ጭነት ባላገኘ ነበር።

ሃሮን ከተራራው ግርጌ ካለችው ከኤስካራይ ጋር ያገናኝ የነበረው ጠባብ ሐዲድ ከ1916 እስከ 1964 አገልግሎ ተዘጋ። ዛሬ ከካሳላሬይና እስከ ኤስካራይ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ክፍሉ የኦሃ ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። ለጠቅላላው አውራጃ «ሪዮሃ» የሚለውን ስም ሰጥቷል ተብሎ የሚታመነውም ይኸው የኦሃ ወንዝ ነው።

ተክሉ ሲሞት ውሉም ሞተ

የጎረቤት መከራ በጎረቤት አልቀረም። ፊሎክሴራ በ1878 በማላጋ፣ በ1879 በካታሎንያ ሰሜናዊ ጫፍ ታየች፤ በምዕት ዓመቱ መጨረሻ ሪዮሃም ደረሰች። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ሆነ፤ የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ ተባይዋን በሚቋቋመው በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ ማጣበቅ። ይህ ማለት ያለውን ተክል ሁሉ ነቅሎ እንደገና መትከል ነው። የመትከያውን ወጪ ማን ይሸከም? ጥያቄው በካታሎንያ ከእርሻ ጉዳይ አልፎ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ።

በካታሎንያ «ራባሳ ሞርታ» የሚባል ጥንታዊ የመሬት ውል ነበር። ገበሬው የሌላ ሰው መሬት ላይ በራሱ ወጪ ወይን ይተክላል፤ ከምርቱ ድርሻ ለባለ መሬቱ ይሰጣል፤ መሬቱ በእጁ የሚቆየውም ወይኑ እስካለ ድረስ ነው። ከተከላቸው ሦስት እጅ ሁለቱ ሲሞቱ ውሉ ያበቃል። ውሉ ከእኛ አገር የእኩል አራሽና የሲሶ አራሽ ውል ጋር የሚመሳሰልበት ገጽታ ቢኖረውም በአንድ ነገር ይለያል፤ የገበሬው መብት ከተክሉ ዕድሜ ጋር ታስሯል። ብልህ ገበሬ የአሮጌውን ግንድ ቅርንጫፍ መሬት ውስጥ ቀብሮ አዲስ ሥር እንዲያወጣ በማድረግ ተክሉን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋግረው ነበር። ፊሎክሴራ ተክሉን በሙሉ ስትገድል ግን ባለ መሬቶች «ውሉ አብቅቷል» አሉ። በአሜሪካው ሥር ላይ የተጣበቀው አዲሱ ተክል ደግሞ ዕድሜው ከቀድሞው ያጠረ ነው፤ ቅርንጫፉን መቅበርም ዋጋ የለውም፤ ከአሜሪካው ሥር ውጭ በራሱ ሥር የሚበቅለው ተባይዋ ትበላዋለችና።

ከዚህ ጠብ የገበሬዎች ድርጅት ተወለደ። የራባሳ ገበሬዎች ማኅበር በ1922 ተመሠረተ፤ በ1934 የካታሎንያ ምክር ቤት ገበሬው የሚያርሰውን መሬት የመግዛት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ የማድሪዱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በዚያው ዓመት ሻረው። ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ከወታደሩ ሤራና ከፓርቲዎች ፍጥጫ እንጀምራለን። በካታሎንያ የወይን አገር ግን የጠቡ አንዱ ሥር፣ ቃሉን በቀጥተኛ ፍቺው ልውሰደውና፣ በእርግጥ ሥር ነበረ።

ሌሎች ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ። የ1906ቱ የግብርና ማኅበራት ሕግ መንገዱን ከፈተላቸው። የጋውዲ ደቀ መዝሙር የነበረው ሴዛር ማርቲኔል ለእነዚህ ማኅበራት ያነጻቸው መጥመቂያዎች «የወይን ጠጅ ካቴድራሎች» የሚል ስም አትርፈዋል። ቴራ አልታ በተባለው አውራጃ፣ ትርጓሜውም «ከፍ ያለ ምድር» ነው፣ በጋንዴሳና በፒኔል ደ ብራይ የሠራቸው ሁለቱ ከ1918 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የተነሡ ናቸው። የዓለም ጦርነቱ የብረትን ዋጋ ሰማይ ስላደረሰው ማርቲኔል ጣሪያውን በጡብ ቅስትና በስስ ጡብ ጉልላት ደገፈው። የፒኔል ደ ብራይን መጥመቂያ ፊት የሸፈነው፣ ሻቪየር ኖጌስ የነደፈው የሸክላ ሥዕል የወይንና የወይራ ለቀማን ያሳያል። ገበሬው የራሱን ሥራ በቤተ መንግሥት ግድግዳ እንደሚሳል የጦር ድል ተሥሎ ሲያይ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም።

የቫል ደ ሳፋን ሐዲድ

ከዚህ በኋላ ንግግሬን በዚሁ በቴራ አልታ ላይ አተኩራለሁ፤ ምክንያቱም ወይን፣ ሐዲድ፣ ጦርነትና ብስክሌት በአንድ መስመር ላይ የተገናኙበት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላውቅም።

የቫል ደ ሳፋን ሐዲድ የአራጎንን ውስጠኛ ምድር ከሜዲትራንያን ጋር ለማገናኘት ታስቦ በ19ኛው ምዕት ዓመት የተነደፈ ነው። ከላ ፑዌብላ ደ ኢሃር ተነሥቶ በአልካኚስ፣ በቴራ አልታና በቶርቶሳ አልፎ በኤብሮ አፍ አጠገብ ካለችው ከሳን ካርሎስ ደ ላ ራፒታ ወደብ ይደርሳል ተባለ። በ1895 አልካኚስ ደረሰና ገንዘብ አጣ። ሥራው እንደገና የተነቃቃው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፕሪሞ ደ ሪቬራ አምባገነን መንግሥት ዘመን ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 1936 ሲፈነዳ ገና አላለቀም ነበር። በቴራ አልታ ከተማዎች የሚኖሩ ሰዎች ባቡሩን ሁለት ትውልድ ሙሉ ጠበቁት። ሲመጣ ያመጣው ግን ወይን ገዢ ነጋዴ አልነበረም።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ከዚያ ታሪክ ጋር ይገጥማል። ሙሶሊኒ በግንቦት 1936 ኢትዮጵያን ይዣለሁ ብሎ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛቱን ካወጀ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የፍራንኮን አመፅ በአውሮፕላን መርዳት ጀመረ፤ ከዚያም ብዙ አሥር ሺህ ወታደር ላከ። በተምቤን ውጊያ ሦስተኛውን የኢጣልያ ኮር የመራው ጄኔራል ኤቶሬ ባስቲኮ በ1937 በስፔን የኢጣልያን ጦር አዛዥ ነበረ። የኢጣልያ አየር ኃይል በመጋቢት 3 ቀን 1938 የቫል ደ ሳፋን ሐዲድ የሚያልፍባትን አልካኚስን በቦምብ ደበደበ፤ በዚያው የጸደይ ወራት የኢጣልያ እግረኛ ጦር በጋንዴሳ አቅጣጫ ወደ ቶርቶሳ ገሠገሠ። በደሴና በኮረም ሰላማዊውን ሕዝብ ከሰማይ የመደብደብ ልምድ ያካበተ የጦር ስልት በስፔን ከተሞች ላይ ቀጠለ። ሁለቱን ጦርነቶች በሁለት የተለያዩ የታሪክ ትምህርቶች ውስጥ ማስተማራችን ይህን ቀጥተኛ ዝምድና ይሰውራል።

የሪፐብሊኩ ሠራዊት በሐምሌ 25 ቀን 1938 ሌሊት ኤብሮን ተሻግሮ ወደ ጋንዴሳ ዘመተ። እስከ ኅዳር 16 የቆየው የኤብሮ ውጊያ በስፔን ጦርነት ውስጥ ከሁሉ የረዘመውና ደም አብዝቶ ያፈሰሰው ነው። የወይን ቦታዎቹ ምሽግ ሆኑ። የፓንዶልስና የካቫልስ ተራሮች ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጡ። ኮርቤራ የምትባለው መንደር ፈረሰች፤ ፍርስራሿ እስከ ዛሬ ለመታሰቢያ እንዳለ ተጠብቋል። ያላለቀው ሐዲድም በመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ የፍራንኮ ሠራዊት ለስንቅና ለጥይት ማመላለሻ ተጠቀመበት። እስከ ቶርቶሳ የቀረው ክፍል የተጠናቀቀው ከጦርነቱ በኋላ በ1940ዎቹ መባቻ ሲሆን፣ በግንባታው ላይ የተሸነፈው ወገን ምርኮኞች ጉልበት ጭምር ውሏል። ወደብ ግን ከቶ አልደረሰም።

መዘጋትና መከፈት

ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ሐዲድ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ብዙም አልዘለለም። በ1962 የዓለም ባንክ ተልእኮ ስለ ስፔን ኢኮኖሚ ባዘጋጀው ዘገባ በአዳዲስ መስመሮች ላይ የሚፈሰው ገንዘብ እንዲገታና ያለው መረብ እንዲሻሻል መከረ። በዚያው ዘመን የጭነት መኪናው ከመጥመቂያው ደጅ ጭኖ እስከ ገዢው ደጅ ማድረስ ጀመረ፤ ከፉርጎ ማውረድና መጫን ቀረ። ይበልጥ ከባድ የነበረው ግን የሰው መፍለስ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወጣቱ ወደ ባርሴሎና፣ ወደ ሳራጎሳ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመን ተሰደደ። ተሳፋሪ ያጣ ባቡር ይከስራል፤ ባቡር ያጣች መንደር ደግሞ የቀሩትን ልጆቿንም ታጣለች። የአንድ ዋሻ መደርመስ ምክንያት ሆኖ ቀረበና የቫል ደ ሳፋን መስመር በ1973 ተዘጋ። በጥር 1 ቀን 1985 ደግሞ የስፔን መንግሥት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ሐዲድ በአንድ ቀን ዘጋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በራሱ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ አልነበረም። የተዘጋ ሐዲድ ብዙውን ጊዜ በአጎራባች ባለ እርሻ ይታረሳል፤ ብረቱ ይሸጣል፤ ጣቢያው ይፈርሳል። በስፔንም በብዙ ቦታ እንዲህ ሆኗል። በ1993 የሥራ ሚኒስቴሩ ባስጠናው ጥናት ባቡር የማይሄድባቸው ከ7,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆኑ መስመሮች፣ 954 ጣቢያዎች፣ 1,070 ድልድዮችና 501 ዋሻዎች ተመዘገቡ። የአረንጓዴ መንገዶች መርሐ ግብር በዚሁ ዓመት ተጀመረ፤ የስፔን ባቡር ሐዲዶች ፋውንዴሽን ያስተባብረዋል። ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሠርቷል።

ይህን ያስቻለው ዋና ምክንያት የሕግ ነው። ሐዲዱ የተዘረጋበት ቀጭን መሬት አንድ ጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ከብዙ ባለ መሬቶች የተወሰደ፣ ሳይቆራረጥ የቀጠለ የመንግሥት ይዞታ ነው። ያ ቅጥልጥል ይዞታ ተሸንሽኖ ቢሸጥ ኖሮ በምንም ዋጋ መልሶ ማገናኘት አይቻልም ነበር። ባቡሩ ሲቀር መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ቆየ፤ አውራጃዎችና ማዘጋጃ ቤቶች በስምምነት ተረከቡት፤ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ፣ ከአጎራባች ባለ እርሻዎች በቀር፣ እንዳይገባበት ተደረገ። የመኪና አለመኖርም ቢሆን ከአንድ ፖለቲካዊ ውሳኔ የመጣ ነው ማለት ነው።

የቴራ አልታ አረንጓዴ መንገድ ከአርኔስ ተነሥቶ በኦርታ ደ ሳንት ጆአንና በቦት አልፎ እስከ ፒኔል ደ ብራይ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ ሌላ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥሎ የኤብሮን ዳር እየተከተለ ቶርቶሳ ይገባል። ወደ ሃያ የሚጠጉ ዋሻዎች አሉበት። ኦርታ ፒካሶ በ1898 ወጣት ሳለ የተቀመጠባት፣ በ1909 ተመልሶም የኩቢዝምን ፈር የቀደዱ ሥዕሎች የሣለባት መንደር ናት። በመንገዱ መካከል ፎንትካልዳ የሚባል የጸበል ስፍራ አለ፤ ስሙ በቀጥታ ሲፈታ «ፍል ውሃ» ማለት ነው። በወይን ቦታዎቹ ዛሬ የአካባቢው መታወቂያ የሆነው ነጭ ጋርናቻ ይበቅላል።

ጸጥታው የማን ነው?

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። ብስክሌተኛው በዚህ መንገድ ላይ የሚያገኘው ጸጥታ ከሦስት ምንጮች የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው የባቡሩ መቅረት ነው። ሁለተኛው የገበሬው ልጅ መሰደድ ነው። ሦስተኛው የተሸናፊው ወገን ለአርባ ዓመት ያህል ስለ ሙታኑ እንዳይናገር መደረጉ ነው። ፍራንኮ በ1975 ሞተ፤ የ1977ቱ የምሕረት ሕግ እስረኞችን ሲፈታ በዚያው ያለፈውን ወንጀል የመጠየቂያውን በር ዘጋ። የታሪካዊ ትዝታ ሕግ የወጣው በ2007 ነው፤ የዴሞክራሲያዊ ትዝታ ሕግ ደግሞ በ2022። በኤብሮ ሸለቆ ገበሬ ሲያርስ ዛሬም የጥይት ቀለሃና የሰው አጥንት ያገኛል። የመጀመሪያው ምንጭ ጸጥታን አመጣ ብንል ያስኬዳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በትክክለኛ ስማቸው ዝምታ ናቸው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ከዚህ ተነሥተው የአረንጓዴ መንገድን ጉዳይ በጠቅላላው ይነቅፋሉ። መከራ የታየበት ምድር የመዝናኛ ሸቀጥ ሆነ፤ ጎብኚው ምርኮኛ በቆፈረው ዋሻ እያፏጨ ያልፋል ይላሉ። ነቀፋው የሚናቅ አይደለም፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አልሄድበትም። አንደኛ፣ ሐዲዱ ታርሶ ቢጠፋ ኖሮ ያ ዋሻ ማስረጃነቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። ለታሪክ ጸሐፊ በሰው የሚጎበኝ ማስረጃ ከተቀበረ ማስረጃ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ጎብኚው የሚተወው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን ጣቢያውን ወደ ማረፊያ ቤት ለለወጠ፣ ጠጁን በጠርሙስ አሽጎ ለሚሸጥ ሰው በመንደሩ የመቆየት ምክንያት ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ በእግርና በብስክሌት የሚጓዝ ሰው ይቆማል፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው የማያየውን ጽሑፍ ያነባል፤ ሽማግሌ ሲያገኝ ይጠይቃል። ጸጥታ ለመስማት ያመቻል። የሚሰማ ነገር እንዲኖር ግን የሚናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የመንገድ ሠሪው ሥራ ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር አሳስባለሁ። በ1897 የተጀመረው፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የእኛው ምድር ባቡር አሮጌ መስመር በ2016 በተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። አሮጌው መስመር ወደፊት ምን መሆን እንዳለበት የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ ከስፔን የተቀዳ መፍትሔም ለሐረርጌ ቆላ ይስማማል ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ከስፔን ልምድ ሁለት ትምህርት በእርግጥ ይወጣል። ቅጥልጥሉ የሕዝብ መሬት ከተቆራረጠ አይመለስም። የሠራተኛው ትዝታም ከሠራተኛው ጋር ካለፈ አይመለስም። በቴራ አልታ ሐዲዱን ስለ ቆፈሩት ምርኮኞች መጠየቅ በተቻለ ጊዜ አብዛኞቹ ሞተው ነበር። በእኛ አገር የመንገደኛ ትኬት የቆረጡ፣ ሎኮሞቲቭ የነዱ፣ በየጣቢያው ፍራፍሬ የሸጡ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ፈረንሳይኛ እያቀላቀሉ የሚናገሩትን የጣቢያ ቋንቋም ገና አልረሱትም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ መቅጃውን ይዞ ከዚያ ይጀምር።

የስፔን የወይን ገበሬ በኤብሮ ዳር አሮጌ ግንድ ሲነቅል ሥሩ ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ የሚያውቀው ሲቆፍር ነው። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።